አማቴ ፊቴን ያዩ ዕለት

ባለፈው ሰሞን ለዓይኔ ሞራ ላሊበላ ሆስፒታል ወረፋ ይዤ ስጠብቅ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ ባጃጅ ነጂ ነበር። «አንድ ዓይኔ አመሻሽ ላይ ደብዘዝ ቢለኝ መጣሁ» አለኝ። ወዲያ ማዶ አንዲት አስተማሪ የተማሪ ፈተና ታርማለች። በዱላ የሚመራ ሰው ብፈልግ፣ ያገኘሁት አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው። ድሮ እኮ ግቢው በሙሉ መሪና ተመሪ ነበር።

ያን ጊዜ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። አገራችን ከላሊበላ በላይ፣ ገብስ እንጂ ጤፍ የማያበቅል ደጋ ነው። አማቴ እማማ ጥሩዬ ልጃቸው እኔን ሲያገባ ሁለቱም ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቶ ነበር። በእኛ ዘንድ ሞራም እንደ አዝመራ ነው፣ ሳይበስል አይነካም ይባል ነበር። ስለዚህ ሰዉ አንዱ ዓይኑ ጠፍቶ ሌላው እስኪጨልም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ጉድ እኮ ነው! እሳቸውም እንዲሁ ጠብቀው ጠብቀው፣ የዓይን ሐኪሞች ለዘመቻ ላሊበላ መጥተዋል ሲባል በበቅሎ ይዘናቸው ወረድን።

ወሩ ጥቅምት ነበር፤ ገብሱ ቢጫ ሆኗል፣ የጠዋቱ ውርጭ ጣት ይቆነጥጣል። ባለቤቴ በደስታ እያፏጨ በቅሎዋን ይስባል። እኔ ግን ጨንቆኛል። በልጅነቴ ምድጃ ላይ ወድቄ ግራ ጉንጬን እሳት በልቶታል። እሱ ደግሞ ለእናቱ «ጨረቃ የመሰለች ምራት አመጣሁልሽ» ብሏቸዋል። ባረፍንበት ሁሉ ጭኮ እያጎረስኳቸው፣ በሆዴ «ሲያዩኝስ ምን ይሉ ይሆን?» እላለሁ። ዓይናቸው እንዲበራ እሳላለሁ፤ እኔን እንዳያዩኝ ደግሞ እመኛለሁ። የሰው ልብ እንዲህ ነው።

አንዱ ዓይናቸው በተሠራ ማግሥት ፋሻው ተፈታ። ነርሷ ጣቷን ዘርግታ «ስንት ነው፣ እናቴ?» አለቻቸው።

«ጣትሽን ተይው። ምራቴ የታለች?»

ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ቀረብኩ።

«ግለጪዋ» አሉኝ።

ገለጥኩ። ትኩር ብለው አዩኝ።

«እንዲህ ቀይ መሆንሽን የነገረኝ የለም» አሉ።

«ጠባሳውስ፣ እማማ?» ከአፌ አመለጠኝ።

«እሱንማ ቤቴ ከገባሽ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ጠዋት ማታ ጉንጭሽን የምስመው በዓይኔ መሰለሽ?»

ሳቁና ግራ ጉንጬን ሳሙኝ። ባለቤቴም ሳቀ። እኔ ግን እንደ ልጅ አለቀስኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ በነጠላ ተሸፍኜ አላውቅም።

ባለፈው ሰሞን ተራዬ ደርሶ ስገባ ወጣቱ ሐኪም ዓይኔን አይቶ «በጥሩ ጊዜ መጡ፣ እናቴ፤ ዓይንዎ ገና አልጨለመም» አለኝ። ይዛኝ የመጣችው ምራቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯ ገብቶ ደጅ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች።

«ለሚመጣው ሕፃን ብዬ ነው» አልኩት።

እማማ ጥሩዬ ምራታቸውን በመጀመሪያ ሳሙ፣ ቆይተው አዩ። እኔ ግን፣ ስስት ይሁንብኝ፣ ሁለቱንም በአንድ ቀን እፈልጋለሁ።