ያልተተረጎመው ዓረፍተ ነገር

ነገሩ የተጀመረው እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ኖርክሮስ ከተማ ያለውን የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የምንከራየው ከአሜሪካኖቹ ምእመናን ስለሆነ አምልኳችን የሚጀምረው እነሱ ከወጡ በኋላ ነው። መድረክ ላይ ከዶክተሩ ጎን ቆሜያለሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የዮሐንስን ወንጌል ያጠኑ የነገረ መለኮት ሊቅ ናቸው። እሳቸው በአማርኛ ያስተምራሉ፣ እኔ እዚህ ላደጉት ልጆች በእንግሊዝኛ እተረጉማለሁ። ሰው ፊት መናገር ያስፈራኛል፤ የሌላ ሰው ቃል ሲሆን ግን እችላለሁ።

ስታመነዝር ስለተያዘችው ሴት እያስተማሩ፣ ታሪኩ በጥንታዊዎቹ የብራና ቅጂዎች ውስጥ እንደማይገኝ ተናገሩ። ተረጎምኩ። ቀጥለው፣ "ጌታ በእርግጥ ያደረገው ነው ብዬ ግን አምናለሁ" አሉ። አፌን ሳልከፍት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ሰብሳቢ መድረኩ ላይ ወጥቶ ማይኩን ከእጄ ነጠቀኝ።

"ይበቃል። መዝሙር" አለ።

ከአምልኮው በኋላ ሽማግሌዎቹ ሁለታችንንም ወደ ሕፃናት ክፍል ጠሩን። እነዚያ ትንንሽ ወንበሮች ላይ ጉልበታችን አገጫችን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ተቀመጥን።

"ልጄ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ሰው ጨምሮበታል ወይ ትለኛለች" አለ ሰብሳቢው። "ይህን ያህል የተማሩት ለዚህ ነው?"

"ቀጥዬ ያልኩትን በእንግሊዝኛ አልሰማችማ። ማይኩን ማን ወሰደው?" አሉ ዶክተሩ።

አንዱ ሽማግሌ ዶክተሩ እዚያው ዩኒቨርሲቲያቸው ቢያስተምሩ እንደሚሻል፣ እዚያ አሜን የሚል ምእመን ስለሌለ ማንንም እንደማያሰናክሉ ተናገረ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔ የቀረውን ዓረፍተ ነገር ልናገር ስጀምር ሰብሳቢው አቋረጠኝ፤ አስተርጓሚ እንጂ ምስክር አልተጠራም አለ። ከዚያ ወሰኑ። የዶክተሩ ትምህርት ይቆማል። በሚመጣው እሑድ ዶክተሩ የእግዚአብሔርን ቃል እንደሚጠራጠሩ ለጉባኤው ይነገራል፤ ያንንም የምተረጉመው እኔ ነኝ።

ዶክተሩን ፓርኪንግ ድረስ ተከተልኳቸው። የመኪናቸውን በር ከፍተው ዞር አሉ።

"ማይክ ሲነጠቅ ምላስም አብሮ ይነጠቃል?" አሉኝ። መልሴን ሳይጠብቁ ሄዱ።

በሳቸውም፣ በሰብሳቢውም እንደተናደድኩ አደርኩ። ጠዋት ብሩክሄቨን ያለው መሥሪያ ቤቴ በር ላይ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ያቺን የቀረች ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ በድምፄ ቀዳሁና በወጣቶቹ የቴሌግራም ግሩፕ ላክሁ። ለሰብሳቢው ደግሞ የእሑዱን ማስታወቂያ የሚተረጉም ሌላ ሰው እንዲፈልጉ ጻፍኩለት። ወዲያው ደወለ። ስልኩን መኪናው ውስጥ ትቼው ወደ ሥራዬ ገባሁ።