በትከሻ የተነፈስኩበት ዘመን

በደርግ ጊዜ፣ አዳማ ውስጥ ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ በኋላ የምንዘምረው እኛ ቤት ሳሎን ውስጥ ነበር። መዘመር ካሉት ነው። እናቴ መስኮቱን ዘግታ ብርድ ልብስ ትጋርድበታለች፣ ሬዲዮኑን ከፍ ታደርጋለች፣ እኛ ደግሞ አንገታችንን ሰብረን በሹክሹክታ እናዜማለን። ጎረቤታችን የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ነበር። ድምፄ እንዳያመልጠኝ ስለምፈራ ትከሻዬን ወደ ጆሮዬ ሰቅዬ፣ ሆዴን አጥብቄ፣ ትንፋሼን ከጉሮሮዬ ላይ ብቻ እየቀነጠብኩ መዝሙሩን እጨርሳለሁ። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ሳይተነፍሱ መዘመርን ከእኛ በቀር ማን ሊፈለስፍ ይችላል?

ቀስ በቀስ ያ አተነፋፈስ የማይለቀኝ አመል ሆነ። አስተማሪ ነበርኩ፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ለመጻፍ እጄን ሳነሳ ከአንገቴ እስከ ትከሻዬ ይወጋኛል። ሰው ሲጠራኝ አንገቴን ትቼ ሙሉ ገላዬን ነበር የማዞረው። ክሊኒክ የሰጡኝ ኪኒን ለጊዜው ያስታግሰኛል፣ ከዚያ ሕመሙ መልሶ ይነሳል። ከሁሉ የከፋኝ ግን ድምፄ ነው። ልጅ ሳለሁ ጉባኤ ፊት ቆሜ ብቻዬን የምዘምር ሰው አንድ ረጅም ስንኝ መጨረስ አቃተኝ። ቤተ ክርስቲያኑ አንድ ቀን ቢከፈት እንኳ የሚወጣ ድምፅ አይኖረኝም ብዬ እሰጋ ነበር።

የትምህርት ቤታችን የስፖርት አስተማሪ በዕድሜ የገፉ፣ ጠዋት ጠዋት «አካም ቡልቴ» ብለው ሰላም ሲሉኝ እንኳ ልጆች የሚያሰልፉ ይመስል የሚጮኹ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ትክ ብለው አዩኝና የምትተነፍሺው በትከሻሽ ነው አሉኝ። እኔም፣ ጋሼ፣ ታዲያ በምን ልተንፍስ ብዬ ተቆጣሁ። ቤታቸው ወስደው፣ ባለቤታቸው ባሉበት፣ ምንጣፍ ላይ በጀርባዬ አስተኙኝ። ጉልበቴን አሳጥፈው ሆዴ ላይ ከቀበሌ ሱቅ የመጣ ስኳር ከነከረጢቱ አስቀመጡና፣ ስኳሩ ከፍ ዝቅ ይበል፣ ትከሻሽ ግን ይተኛ አሉኝ። ባለቤታቸው ሳቃቸውን እየታገሉ የወሩን ስኳር እንዳትደፊብን ብለው ለመኑኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ስኳሩ መጀመሪያ የተነቃነቀው ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስመለስ በጋሪው መንገድ እጆቼን እያወዛወዝኩ፣ ትንፋሼን በረጅሙ እየለቀቅሁ መሄድ ጀመርኩ። ሰው አበደች ብሎኝ ይሆናል። ቤት ስገባ ደግሞ ምንጣፍ ላይ ተኝቼ ክንዶቼን ቀስ ብዬ ወደ ላይ አነሳለሁ፣ ስመልሳቸው አየሩን አስወጣለሁ። ሕመሙ በአንድ ጊዜ አልለቀቀኝም፤ እየሳሳ ሄዶ፣ አንድ ጠዋት ሰሌዳውን ሞልቼ ስጨርስ እንዳልተወጋሁ ገባኝ።

ችግሩ ድምፄም አብሮ መዳኑ ነው። በሚቀጥለው ጸሎት ላይ ትንፋሼ ሳላስበው ሆዴ ድረስ ወረደና ድምፄ ሬዲዮኑን በልጦ ወጣ። ሁሉም አፈጠጡብኝ። እናቴ ክንዴን ጨምድዳ «እነዚህን ሁሉ ሰዎች ልታሳስሪያቸው ነው?» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። ከዚያ ወዲያ አፌን ብቻ ማንቀሳቀስ ያዝኩ። በሹክሹክታው ብቀጥል ሕመሙ ይመለሳል፣ በድምፄ ብዘምር ሰው ይታሰራል። በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ፤ ያለ ጥፋቷ እናቴን ተቀየምኳት።

አንድ ቅዳሜ እናቴ ወንጂ ሄደን አጎቴን እንጠይቅ አለች። አጎቴ የስኳር ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ ቤቱ ከመፍጫው ማሽን አጠገብ ስለሆነ ሸንኮራ በሚፈጭበት ወቅት ከጩኸቱ የተነሳ እዚያ ሰው የሚነጋገረው አፉን ከሰው ጆሮ ገጥሞ ነው። ሻይ እንኳ ሳንጠጣ እናቴ ጓሮ ወሰደችኝና አፏን ጆሮዬ ላይ አድርጋ «አሁን ዘምሪ፣ ማንም አይሰማሽም» አለችኝ። ለካስ ስታስብበት ከርማ ነው።

በሙሉ ትንፋሼ ዘመርኩ። ማሽኑ ሁሉንም ዋጠው፤ ራሴም በቅጡ አልሰማሁት። እናቴ ግን ከኋላዬ ቆማ መዳፏን ጎድኔ ላይ፣ ትንፋሹ ገብቶ በሚሰፋበት ቦታ አሳረፈች፤ እስክጨርስም አላነሳችም። ዞር ስል እያለቀሰች ነበር። ቅያሜዬ እዚያው ቀረ።

እናቴ ቤተ ክርስቲያኑ ሳይከፈት አረፈች። በመጨረሻ ሲከፈት ጉባኤ ፊት ቆሜ ብቻዬን ዘመርኩ፤ ሰዉ ይህ ሁሉ ድምፅ የት ነበር ይለኝ ነበር። እኔ ግን የማስበው እሷን ነበር። ከዳንኩ በኋላ አንድ ሙሉ መዝሙሬን የሰማችው በመዳፏ ብቻ ነው።