ባቢከር የጠጣው ውሃ

ባቢከር ዕድሜውን በአህያ ጅራት ሥር የፈጀ ሰው ነው። ከአሶሳ ወደ ሱዳን ቆላ የሚወርደውን የነጋዴ ጭነት ሲነዳ ጢሙ ሸበተ፤ ፊደል ግን አልቆጠረም። አንድ ዓመት የመንገድ ጓደኛው በንዳድ ሲሞትበት ከነጂዎቹ መካከል ቁርኣን የሚቀራለት ጠፍቶ በዝምታ ቀበሩት። ያ ዝምታ እንቅልፍ ነሳው። አገሩ ሲገባ ሼህ ማህጁብ የሰፈሩን ልጆች ቁርኣን ከሚያስቀሩበት ጎጆ ዘልቆ ከእነዚያ ጩጬዎች ጋር እግሩን አጥፎ ተቀመጠ። ልጆቹ ሳቁ፤ ሚስቱ ሰዕዲያም ሳቀች። እሱ ግን መቅራቱን ቀጠለ።

አሁን ነገ ሸረፋው ነው። ተማሪ አንድ ክፍል ሲጨርስ ያጠናውን በእንጨት ሰሌዳው ላይ ጽፎ፣ ዙሪያውን በቀለም አስጊጦ፣ በሰፈሩ ሰው ፊት ይዞት ይቆማል፤ ሸረፋ የሚሉት ይህንን ነው። ባቢከር ግን ዛሬ ጠዋት ሰሌዳውን ከግድግዳው ሥር ቢያነሳ ምስጥ በልቶት እጁ ላይ ፈረሰ። በጋው ገብቷል፤ ነጋዴዎቹ ጭነት እያሰሩ ነው። ነገ ካመለጠው ከአህዮቹ ጋር ይወርዳል፤ ለሚመጣው ክረምት መድረሱን ደግሞ ማን ያውቃል?

የሌሎቹ ልጆች ሰሌዳ ለነገው ተጽፎ አልቋል። ለሸረፋ ያልደረሰው ሻዕባን ብቻ ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ባቢከርም ያን ሁሉ ጢም ይዞ ከልጅ ሰሌዳ ሊለምን ሄደ። ከደጁ ደርሶ እንደ መመለስ አለና እንደ ምንም ብሎ ተጣራ።

ሻዕባን ጥያቄውን ሰምቶ ሰሌዳውን አቀፈ። ሼህ ማህጁብ ለቀብር ወደ ሌላ መንደር ሲሄዱ፣ በንዳድ ለተኛችው እናቱ ለማሪያም የቁርኣን አንቀጽ ጽፈውበት ነበር። ጽሑፉ ይታጠባል፤ እጣቢውን በሽተኛዋ ለመድኃኒት ትጠጣዋለች።

«አጎቴ፣ ይውሰዱት» አለ በመጨረሻ፣ ቅል እያቀበለው። «አጥበው ውሃውን በዚች ያምጡልኝ። ጀንበር ሳትጠልቅ።»

ባቢከር ቤቱ ገብቶ ሰሌዳውን አጠበና ጥቁሩን ውሃ በቅሉ አጠራቀመ። ሐሳቡ ግን ነገ ላይ ነበር። ድምፄ ቢንቀጠቀጥስ? ልጆቹ ቢስቁብኝስ? እንዲህ እየተጨነቀ ቅሉን አነሳና ጭልጥ አደረገው።

የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማእድ። ተማሪ የሰሌዳውን እጣቢ የአላህን ቃል እግር እንዳይረግጠው ይጠጣዋል እንጂ መሬት አይደፋውም፤ ባቢከርም ባጠበ ቁጥር ሲጠጣ ነው የከረመው። ያደረገው የገባው ባዶውን ቅል ሲያይ ነው።

ሼህ ማህጁብ ከነገ በፊት አይመለሱም። ጥቂት ጥላሸት በውሃ በጥብጦ ቢሰጣት የሚያውቅበት የለም። ይህን ማሰቡ ራሱ አሳፈረው። ከጥላሸትና ከሙጫ ለሸረፋው ያዘጋጃትን ቀለም አውጥቶ የቀርከሃ ብዕሩን ነከረ። በቃሉ የሚያውቀው ያንኑ ለነገ ያጠናውን ነበርና እሱን ጻፈ። ፊደሎቹ ጭነት እንደከበዳቸው አህዮች ተንጋደው ቆሙ። ቀለሙም አለቀ። በሕይወቱ ግን ከዚህ ያማረ ነገር ጽፎ አያውቅም፤ ትንሽ አየውና አጠበው።

እጣቢውን በቅሉ ይዞ ሄደና ማሪያም አጠገብ ቁጭ ብሎ የሆነውን ሳይደብቅ ነገራት። ሻዕባን ተቆጥቶ ፊቱን አዞረ።

«በእጅህ ነው የጻፍከው?» አለችው።

«በእጄ ነው። እንደ ሼሁ ግን አይደለም።»

«እስቲ ቅራልኝ።»

ቀራላት፤ አንድ ቦታ ተሳስቶ ተመለሰና አቃናው። እሷም እስከ አተላው ጠጣችው። ባቢከር ወደ ቤቱ ሄደ። ቀለም ልበደር ብሎ የሌላ ሰው ደጅ የሚቆምበት ፊት አልነበረውም።

በማግስቱ ባዶውን ሰሌዳ ታቅፎ ከልጆቹ ኋላ ተሸሸገ። ሼህ ማህጁብ የልጆቹን ሰሌዳ ተራ በተራ አይተው እሱ ዘንድ ደረሱ።

«ባቢከር፣ ሸረፋህ የታለ?»

ሰው ሁሉ ዞረ። ባቢከር መሬት መሬት አየ። ያን ጊዜ ማሪያም ትኩሳቱ ሳይለቃት፣ በልጇ ትከሻ ተደግፋ፣ ከሴቶቹ መካከል ወጣች።

«እኔ ጠጥቼዋለሁ» አለች።

ሼህ ማህጁብ አንዴ እሷን፣ አንዴ ባዶውን ሰሌዳ አዩ። ከዚያ ባቢከርን በክንዱ ይዘው ከልጆቹ ፊት አቆሙትና ሰሌዳውን እንደ ሌሎቹ ከፍ አድርጎ እንዲይዝ ነገሩት።