ከፒያሳ እንጦጦ፦ አረንጓዴዋ፣ ሰማያዊዋና የኋላ ወንበር

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12፡10፤ ውቤ በረሃ

ጫማዬን በእጄ ይዤ ከቤት ወጣሁ። አርባ ዓመት የሞላው ሰው እናቱን ላለመቀስቀስ በካልሲ ሲራመድ እንደማያምር አውቃለሁ፤ ግን ምን ላድርግ? ከሦስት ዓመት በፊት በዝናብ፣ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁለት ላይ ከሞተር ሳይክል ወድቄ እግሬ ሲሰበር አራት ወር ሙሉ ያስታመመችኝ እማዬ ናት። ጄሶው የተፈታ ዕለት "ሁለተኛ ሞተር ላይ አልወጣም" ብዬ ቃል ገባሁላት። ቃሌን ጠብቄም ቆየሁ። ዛሬ ግን ላፈርሰው ነው የወጣሁት። ሁለት ሞተሮችን ነድቼ፣ አወዳድሬ፣ አንዷን ልገዛ ነው። እማዬ ምንም አታውቅም።

የክፍሏ በር ዝግ ነው። ድምፅ የለም። የግቢውን በር ቀስ አድርጌ ስስበው ሁልጊዜ ሲጢጥ የሚለው ማጠፊያ እንኳን ዛሬ ዝም አለልኝ። ጫማዬን ያሰርኩት መንገድ ላይ ቆሜ ነው። የጥቅምት ብርድ ጣቴን ስላደነዘዘው ክሩን ለመቋጠር ሦስት ጊዜ ሞከርኩ።

ሰፈራችን እንደምታውቁት ፈርሶ ግማሹ ሜዳ፣ ግማሹ አዲስ አስፋልት ሆኗል። የድሮ መጠጥ ቤቶቹ በነበሩበት ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች በቱታ ስፖርት ይሠራሉ። አንደኛው አየኝና "ደህና አደርክ፣ ወዴት በጠዋት?" አለኝ። "ወደ ሥራ" አልኩት። ዕለቱን በውሸት ጀመርኩ ማለት ነው።

12፡40፤ የሰይፉ ጋራዥ

ሰይፉ አብሮ አደጌ ነው፤ አሁን የሞተር ሳይክል መካኒክ ሆኗል። ሁለት ደንበኞቹ ሞተሮቻቸውን እንዲሸጥላቸው እሱ ዘንድ አስቀምጠዋል። አንደኛዋ አረንጓዴ፣ ሌላኛዋ ሰማያዊ። ሁለቱም ጃፓን ሠራሽ፣ ሁለቱም ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ጉልበታቸውም እኩል ነው ማለት ይቻላል። ለማያውቅ አንባቢ ልንገር፤ እነዚህ ሞተሮች የፕላስቲክ ልብስ የላቸውም። ኢንጂናቸው፣ ቱቦአቸው፣ ብረታቸው ሁሉ ወጥቶ ይታያል። የፋብሪካዎቹ ደጋፊዎች በየስልኩ እንደ ኳስ ቡድን ይሰዳደባሉ። እኔም ስድቡን ሳነብ ነው ስንት ወር የከረምኩት።

"ነፍሴ፣ ዛሬ ሙሽራ ነህ" አለኝ ሰይፉ ቁልፉን እያሽከረከረ። "ሁለት ሙሽሪት፣ አንድ ሙሽራ። እንጦጦ ድረስ አንተ አረንጓዴዋን፣ እኔ ሰማያዊዋን፤ ስንመለስ እንቀያየራለን። ከጫርካት ግን ገዛኻት ማለት ነው።"

"መጀመሪያ ጊዮርጊስን ልሳለም።"

"አቦ አትጎትተን!"

"ሦስት ዓመት ሙሉ ሳልነዳ ቆይቼ ሳልሳለም አልሄድም" አልኩት። እሱም ይህን ጊዜ አልተከራከረም፤ ራሱም ቢሆን ሳይሳለም አያልፍም።

አረንጓዴዋን ሳስነሳት ድምፅዋ ሆዴን ነዘረው። ፍሪሲዮኗ ቀላል ነው፣ ማርሿ ሲገባ ቀጭ ይላል። የመጀመሪያውን መቶ ሜትር የነዳሁት ትንፋሼን ይዤ ነው።

1፡00፤ ምኒልክ አደባባይ

ከአደባባዩ ስደርስ የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ነጭ ለብሷል። ነጠላ፣ ጋቢ፣ ጧፍ ሻጭ፣ ጥላ፣ ልጆቻቸውን የያዙ እናቶች። ቅዳሜን ምን ነካው ብዬ ሳስብ ነው ቀኑ ትዝ ያለኝ። ዛሬ ሃያ ሦስት ነው። ጊዮርጊስ ነው። እማዬ ደግሞ ሃያ ሦስትን ቤቷ ያሳለፈችበትን ዘመን አላስታውስም። ለካ ጫማዬን በእጄ ይዤ የወጣሁት ከባዶ ቤት ነበር።

ሞተሯን አዙሬ ልሂድ ስል ድምፅዋን ሰማሁ።

"ኤፍሬም?"

ሄልሜቴን በብብቴ ይዤ ቆምኩ። እማዬ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ሦስት እርምጃ ያህል ርቃ ቆማለች። አረንጓዴዋን አየች። ከዚያ የቀኝ እግሬን አየች። ፊቴን ያየችው መጨረሻ ላይ ነው።

"ገዛኻት?"

መልሴን አልጠበቀችም። ዞር ብላ ወደ ግቢው ገባች። ሰይፉ ከመንገዱ ማዶ ሰማያዊዋ ላይ እንደተቀመጠ በእጁ "ምንድን ነው?" ይለኛል። እኔ እማዬ ልታለቅስ የገባች መስሎኝ ነበር።

ስትመለስ ከኋላዋ አንድ ቄስ አሉ። በአንድ እጃቸው መስቀል፣ በሌላው በላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዘዋል።

"አባ፣ የልጄ ናት" አለች ወደ አረንጓዴዋ እያመለከተች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር አለች። "መቼም እንደማትተወው አውቃለሁ። ካልቀረልህ በሱ ስም ትሁን።"

አዲስ መኪና ሲገዛ ጠበል ማስረጨት የአገር ልማድ ነው። የሰው ሞተር ለሙከራ ተውሶ ያስረጨ ግን ከኔ በፊት ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። ቄሱ መሪውን፣ የነዳጅ ጋኑን፣ ሁለቱን ጎማዎች፣ ከዚያም እኔን ረጩ። "ከአደጋ ይሰውርህ" አሉኝ። "አሜን" አልኩ። "የኔ አይደለችም" ማለት ነበረብኝ፤ ግን ሦስት ዓመት የፈራችውን ነገር እንዲህ በአንድ ጠዋት ስትቀበል አይቼ ዝም አልኩ።

የሚያውቋት ሴቶች ከበው "እንኳን ደስ ያለህ" አሉኝ። እልል ያለችም ነበረች።

ሰይፉ ጋ ስደርስ ሄልሜቱ ውስጥ በሳቅ ሞቷል። "ባለቤቷ ይህን ቢሰማ ዋጋ ጨምር ነው የሚለኝ!"

2፡15፤ ሽሮ ሜዳ

አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ በሰፊው መንገድ አለፉ። አረንጓዴዋ መሮጥ ትወዳለች። ጋዝ ስትሰጣት መጀመሪያ ታስባለች፣ ከዚያ ኢንጂኗ ከፍ ሲል ድንገት ትፈተለካለች። ታክሲ ለማለፍ ማርሽ መቀነስ አለብኝ፤ መቀነሱን ግን ወድጄዋለሁ። ፍሬኗም በሁለት ጣት ይይዛል።

ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ሻጮቹ ቀሚሶቹን በረጅም እንጨት እየሰቀሉ ነበር። መንገዱ ሽቅብ ሲሆን ግን ቀኝ ጉልበቴ መናገር ጀመረ። የአረንጓዴዋ እግር መርገጫ ከፍ ብሎ ወደ ኋላ የቀረ ነው፤ እግሬ ታጥፎ ይቀመጣል። ለሃያ ዓመት ወጣት ምንም አይደለም። ውስጡ ብረት ላለበት እግር ግን ሌላ ነገር ነው።

3፡00፤ እንጦጦ

ባሕር ዛፍ፣ ጭጋግ፣ የሚሮጡ አትሌቶች። በላስቲክ ዳስ ሥር ሻይ የምትሸጥ ሴት አግኝተን በትኩስ ዳቦ ጠጣን። ጣቶቼን ብርጭቆው ላይ አሞቅኩ። ከተማው ከታች ገና በጢስና በጉም መካከል ነው። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ያለ ምንም ሰበብ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሻይ ሻጯ ሁለቱን ሞተሮች ዞር ዞር ብላ ተመለከተች።

"ሁለተኛው ሰው የት ነው የሚቀመጠው?"

"ይኸውና" አልኩ የአረንጓዴዋን የኋላ ወንበር እያሳየሁ።

"ይኼ? ይኼማ ሳምቡሳ ነው!"

ሰይፉ ቀልዱን ተቀብሎ ለመሞከር ተቀመጠበት። ሁለት ጉልበቱ ደረቱ ጋ ደረሰ። ሰማያዊዋም ብትሆን ሶፋ የላትም፤ ግን የፊተኛው ባለቤቷ ሚስቱን ያመላልስባት ስለነበር ወንበሩን በስፖንጅ አስወፍሮ፣ በግራና በቀኝ የሚያዝ ብረት አስበይዶባታል። "አንተ ምን አገባህ፣ ብቻህን ነህ" አለኝ ሰይፉ። እውነቱን ነው፤ በማስታወሻዬ ላይ ኢንጂን፣ ፍሬን፣ ነዳጅ፣ ጎማ እያልኩ ነጥብ ስሰጥ የኋላ ወንበር የሚል አልጻፍኩም ነበር።

3፡40፤ ቁልቁል

ተቀያየርን። ሰማያዊዋ ላይ ስቀመጥ እግሬ ተዘርግቶ መርገጫው ላይ አረፈ፤ ጉልበቴ ወዲያው ዝም አለ። ጋዝ ስነካ አታስብም። ከታች ጀምሮ ትጎትታለች፣ በሦስተኛ ማርሽ ጥምዝምዙን ሁሉ ወረድኩት። ፍሬኗ ከአረንጓዴዋ ትንሽ ይለሰልሳል፣ በሹል መታጠፊያ ላይም እንደዚያች አትቀልም። ኮብልስቶን ላይ ግን አረንጓዴዋ እጄን ስትነርተው፣ ይህቺ ንዝረቱን ውጣ ታልፋለች።

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስንመለስ ሰይፉ በራስ መኮንን ድልድይ በኩል መራ። ሆን ብሎ እንደሆነ ገባኝ። የወደቅኩበት ቦታ ላይ ደረስኩ። አስፋልቱ አዲስ ነው፣ ፀሐይ ነው፣ ውሃ የለም፤ እጄ ግን ፍሬኑን ጨመቀው። ከኋላ ያለው ታክሲ ጥሩምባውን ነፋ። ለቀቅ አደረግኩና ሄድኩ። ድልድዩን ተሻግሬ ሽቅቡን ስይዝ ሄልሜቴ ውስጥ ብቻዬን ጮህኩ።

5፡00፤ ፒያሳ

ባንኮኒው ጋ ቆመን ማኪያቶና ቦምቦሊኖ አዘዝን።

"ሰማያዊዋ ናት" አልኩ።

"አውቄያለሁ። ወርደህ ሦስቴ ዞረህ አየሃት። ግን ጠበል የተረጨችው ያቺ ናት፣ እማማስ ምን ትላለች?"

"እሱ ነው የጨነቀኝ።"

ሰይፉ አረፋውን ከከንፈሩ ጠረገ። "ቀለሟን አስቀየርኳት በላት። ሞተር ለሷ ሞተር ነው፣ መች ትለየዋለች?"

እውነት ለመናገር ማኪያቶው እስኪያልቅ አስቤበት ነበር። ቀላል ነው። እሷ ትረጋጋለች፣ እኔም የምፈልጋትን እነዳለሁ። ግን ቃሌን በጓሮ አፍርሼ፣ በደጁ ላይ ዝም ብዬ፣ አሁን ደግሞ ቀለም? አይሆንም አልኩ።

የሰማያዊዋ ባለቤት በስልክ ተስማማ፤ ውሉን ለሰኞ ቀጠርን። "እማማን አሳያትና እሷ ካባረረችህ መልሳት" ብሎ ሰይፉ ቁልፉን ሰጠኝ።

7፡30፤ ቤት

እማዬ በረንዳ ላይ ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና አለች። ሰማያዊዋን አየች።

"ያቺስ?"

"የሰው ናት፣ እማዬ። ለሙከራ ነበር የተዋስኳት። የምገዛው ይህቺን ነው፤ እግሬ የሚመቸው እዚህቺ ላይ ነው።"

"በጊዮርጊስ ደጅ ዋሸኸኝ?"

"አልዋሸሁም፤ ዝም አልኩ።"

"እሱም ያው ነው።"

ሰፌዱን አንሥታ ገባች፣ በሩንም ዘጋችው። ከሰማያዊዋ ጎን ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ኢንጂኗ ሲቀዘቅዝ ቀጭ ቀጭ ይላል። እንድመልሳት ካለች እመልሳታለሁ ብዬ ወሰንኩ። ይህን ስወስን ያዘንኩትን ያህል የሃያ ዓመት ልጅ ሆኜም ያዘንኩ አይመስለኝም።

በሩ ተከፈተ። እማዬ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ያመጣችውን የጠበል ጠርሙስ ይዛለች። ሰማያዊዋን ዞራ ረጨቻት። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ የቀረውን በሙሉ ቀኝ ጉልበቴ ላይ አፈሰሰችው።

"ያቺኛዋ የማን እንደሆነች አላውቅም፤ ጠበሉ ለሱም ይሁነው" አለች።

መዳፏን የኋላው ወንበር ላይ አድርጋ ተጫነችው። ብረቶቹን በግራም በቀኝም ይዛ ነቅነቅ አደረገቻቸው። ሄልሜቴን አንሥታ ክብደቱን ለካች።

"ሌላ እንዲህ ያለ ሰይፉ ጋ አይጠፋም አይደል?"

እሑድ፣ ከጠዋቱ 12፡00፤ ከውቤ በረሃ እስከ ጊዮርጊስ

የጉዞው አጭሩ ክፍል ይህ ነው፤ ረጅም ሰዓት የፈጀውም ይኸው ነው። እማዬ በቀሚሷ ሥር የኔን ቱታ ለብሳ፣ ሄልሜቱን በሻሿ ላይ ደፍታ፣ ብረቶቹን ትታ ጃኬቴን በሁለት እጇ ጨምድዳ ተቀመጠች። "ቀስ" አለችኝ። ገና አልተነሳሁም ነበር። ስነሳም "ቀስ"፣ ስዞርም "ቀስ"። ሁለተኛ ማርሽ አላስገባሁም። ትናንት በቱታ ስፖርት ሲሠሩ የነበሩት ሽማግሌዎች በሶምሶማ ቀደሙን፤ አንደኛው "ወደ ሥራ?" ብሎኝ አለፈ።

ግማሽ መንገድ ላይ "ቀስ" ማለቷን አቆመች። ደነገጥኩና "እማዬ፣ ደህና ነሽ?" አልኩ። "ንዳ እንጂ" አለች።

ከደጁ ስንደርስ የትናንቶቹ ሴቶች ቆመው ነበር። እጇን ይዤ አወረድኳት። ሄልሜቱን አውልቃ ሰጠችኝ። ትናንት እልል ያለችው ሴትዮ ሰማያዊዋን ካየች በኋላ ወደ እማዬ ዞር ብላ "አረንጓዴዋስ የት ሄደች?" አለቻት።

እማዬ ነጠላዋን በዝግታ አጣፋች።

"ሁለቱንም አየናቸው" አለች። "ያቺኛዋ የኋላ ወንበሯ ጠበበን፤ ተውናት።"