የኤርካሎ ሊሾ

ኤርካሎ እጁ የተባረከ ግንበኛ ነው፤ ጉራውም ያንኑ ያህል። ሶዶ ውስጥ ከሱ ጋር አንድ ቤት ከገባችሁ ወለሉን አይቶ «ይቺን ሊሾ ያደረግኳት እኔ ነኝ» ሳይል አይቀመጥም። እኔ ፀዳለ ስድስት ዓመት ሲሚንቶ አቡክቼለታለሁ፣ ስለዚህ ባማው መብቴ ነው።

በሁለት ሺህ አራት ዓ.ም. ከተማው ሁሉ ኮብልስቶን በኮብልስቶን ሲሆን፣ ማኅበራችን ከመናኸሪያው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለውን የእግረኛ መንገድ ያዘ። በየመሻገሪያው ጠርዙ ዝቅ ብሎ ተዳፋት ይሠራለታል፤ ዊልቸር እንዲወርድ። ተዳፋቱ ላይ ደግሞ ጉብ ጉብ ያለ ቢጫ ንጣፍ ይገባል። ዓይነ ስውር ሰው እግሩን ሲጎረብጠው የመኪና መንገድ ላይ መድረሱን አውቆ ይቆማል። መሐንዲሷ ይህን ስታስረዳን ኤርካሎ አለቀሰ። አዎ፣ ያ ጉረኛ።

ታላቅ እህቱ ቦሼ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል። እናታቸው ስትሞት እሱን አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ምኞቷ አንድ ብቻ ነበር፤ ሰው ሳይመራት ቤተ ክርስቲያን ደርሳ መመለስ። «የሰው እጅ ይዤ መኖር ሰለቸኝ» ትል ነበር። ከስድስቱ መሻገሪያ አምስቱን እንደጨረስን ኤርካሎ አምጥቶ ንጣፉ ላይ አቆማት፤ መጀመሪያ በባዶ እግሯ፣ ቀጥሎ በጫማዋ።

«እቴ፣ እንዲህ ሲጎረብጥሽ ቁሚ፤ ድምፅ አዳምጪና ተሻገሪ። ካልጎረበጠሽ ግን አትስጊ፣ ሂጂ» አላት። ቦሼ እየሳቀች ወዲያ ወዲህ ረገጠችው።

ለስድስተኛው፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ማዕዘን፣ ንጣፍ አጠረን። ከመኪና ሲወርድ ተሰባብሮ ነበር። መሐንዲሷ «ሌላ እስኪመጣ እንዳለ ተዉት፤ በድንጋይ እጠሩት» ብላን ሄደች። በማግስቱ ምርቃት ነው፣ ከዞን እንግዶች ይመጣሉ። ኤርካሎ ያን ክፍት ጉድጓድ አይቶ እህል አልወርድ አለው። «እንዲህ ገምጬ ብተወው ሰው ምን ይለኛል?» አለ። እኔ አሸዋ ነፋሁ፣ እሱ ሊሾ አደረገው፤ አጥሩንም አነሳነው። እውነት ለመናገር፣ መስታወት ነው የሆነው። እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ እኛም ቦዲቲ ሌላ ሥራ አግኝተን ረሳነው። ለቦሼ የነገራት የለም።

እሁድ ጠዋት ለብቻዋ ወጣች። አምስቱም ላይ ቆማ፣ አዳምጣ ተሻገረች፤ ያዩ ሰዎች ነግረውናል። ስድስተኛው ላይ አልቆመችም። ባጃጅ ገጭቶ ዳሌዋን ሰበረው።

ሆስፒታል ስንደርስ እግዜር ይይልህ ብትለው ይሻለን ነበር። እሷ ግን ይቅርታ ጠየቀችው። «እንዲያ ለፍተህ የሠራኸውን፣ እግሬ ደንዝዞ ሳላውቀው ቀረሁ። ሥራህን አሰደብኩብህ» አለችው።

ኤርካሎ ብርድ ልብሷን ወደ እግሯ ሳብ አደረገላት።

«እስቲ ቆንጥጠኝ» አለች። ውስጥ እግሯን በጥፍሩ ነካ አደረጋት።

«ይሰማኛል እኮ። ታዲያ ያን ሰዓት ምን ሆኜ ነው?»

«እርጅና ነው እቴ» አላት።

እኔም አልጋው አጠገብ ቆሜ ዝም አልኩ። ቦሼ ከዚያ በኋላ ከደጃፍ ሳትወጣ ሁለት ዓመት ኖረች፤ እግሯን እንደረገመች ሞተች።