ዳገቱ ላይ የቀረው ብስክሌተኛ

ዛሬ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ የሚባለው ሰፈር፣ ምሳ የምበላበት የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ «አይዞህ» ብዬ ጮህኩ።

የአውሮፓ የብስክሌት ውድድር ነው። ቀጥ ያለ የኮብልስቶን ዳገት፣ በዚያ ላይ ዝናብ። አንዱ ከሁሉም ኋላ ብቻውን ቀርቷል። ጎማው ድንጋዩ ላይ እየተንሸራተተ ሲያስቸግረው ወርዶ ብስክሌቱን መግፋት ጀመረ።

ኳስ እስኪጀምር የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

የምግብ ቤቱ ባለቤት እትዬ ዘነቡ ሳህን እያነሱ «ዘመድህ ነው እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ አላውቀውም» አልኩ። እሱም እንደሁ አማርኛ አይሰማ።

ወዲያው ካሜራው ወደ መሪዎቹ ተመለሰ። ጫፍ ይድረስ አይድረስ አላየሁም።

ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ሳስበው፣ ናይሮቢ ከመጣሁ ወዲህ እኔን አይዞህ ያለኝ ሰው ትዝ አላለኝም።

እናንተንስ ለመጨረሻ ጊዜ «አይዞህ»፣ «አይዞሽ» ያላችሁ ማን ነው?