አሸክሚኝ

ዛሬም ውሃ ጠፋ። ልደታ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ሥር፣ ከውሃ ቦቴ ቀድቼ በሞላሁት ቢጫ ጀሪካን ፊት ቆሜ እቁነጠነጣለሁ። የእርጥቡ ፕላስቲክ ሽታ አክስቴን አስታወሰኝ።

ልጅ ሆኜ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ካለው ቦኖ ውሃ ስንቀዳ፣ ጀሪካኗን በገመድ አስራ፣ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ቁጭ ትል ነበር። ብቻዋን አታነሳም።

«አክስቴ፣ ትምህርት ቤት ረፈደብኝ እኮ! ምን እንጠብቃለን?»

«አሸካሚ ነዋ! ወገብ የሚቆረጠው ከመሬት ሲያነሱ ነው። ከተሸከሙት በኋላማ እግር ይወስደዋል።»

መንገደኛ ሴት ብቅ ስትል፣ «የኔ እናት፣ እስቲ አሸክሚኝ» ትላለች። ሴትየዋ ከሥር ደገፍ ስታደርግላት በጉልበቷ ተነስታ፣ መርቃት ትሄዳለች። የሴትየዋን ስም እንኳ አታውቅም።

አሁን ጎረቤቴ ስልኩን እያየ አልፎኝ ወጣ። ልጠራው አፌን ከፈትኩ፤ ስሙን ስለማላውቅ ተውኩት። ኮቴው ደረጃው ላይ ሲርቅ፣ ጎንበስ ብዬ የጀሪካኑን እጀታ ጨበጥኩ።